«ሕክምና ካልሆነ ባዮኬሚስትሪ»፦ ስለ ትምህርቱ የሚወራውና እውነታው

የፍሬሽማን ዓመት ሊያልቅ ሲል የዲፓርትመንት ምርጫ ይመጣል። በዚያ ሰሞን ካምፓስ ውስጥ ከሲኒየር ተማሪ የበለጠ የሚደመጥ ሰው የለም። «እሱን እንዳትሞላ፣ ሥራ የለውም»፣ «እዚያ ግሬድ አይሰጡም»፣ «ያ ዲፓርትመንት የተረፈ ተማሪ የሚመደብበት ነው» የሚለው ወሬ ከዶርም ዶርም ይዞራል። ቤት ሲደወል ደግሞ አባትና አጎት የራሳቸውን ይጨምሩበታል። አንድ ወጣት ዓመታት የሚያሳልፍበት፣ ኋላም እንጀራ የሚበላበት ሙያ የሚወሰነው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ወሬ ነው።

ባዮኬሚስትሪ ደግሞ ወሬ የበዛበት መስክ ነው። ትምህርቱ የሚሆናቸው ልጆች ፈርተው ይሸሹታል፤ የማይሆናቸው በተሳሳተ ተስፋ ይገቡበታል። ሁለቱም ያሳዝናል፤ ሁለቱም ትክክለኛ መረጃ በጊዜው ቢገኝ የሚቀር ጉዳት ነው።

«ሕክምና ላልደረሳቸው ነው»

ሥር የሰደደው ይህኛው ነው። ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ንቀት፣ ሌላው ተስፋ። ንቀቱ «ሐኪም መሆን ያልቻለ የሚማረው ነው» ይላል። ተስፋው ደግሞ «መጀመሪያ ባዮኬሚስትሪ ይማርና ከዚያ ወደ ሕክምና ይዞራል» ይላል። እኔ ይበልጥ የምፈራው ተስፋውን ነው፤ ምክንያቱም ልጁ ነገሩ እንዳልሆነ የሚያውቀው ከተመረቀ በኋላ ነው።

ተስፋው የመጣው ከአሜሪካ ነው። በአሜሪካ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገባ ሰው አስቀድሞ የመጀመሪያ ዲግሪ መያዙ የተለመደ ነው። ኤምካት የሚባለው የመግቢያ ፈተናም እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሻሻል ባዮኬሚስትሪ ሰፊ ቦታ ተሰጥቶታል። ስለዚህ ሜሪላንድ ያደገች የሐበሻ ልጅ ኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ ተምራ ሐኪም ለመሆን ብታስብ መንገዷ ትክክል ነው። እዚያም ቢሆን የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ የሚጠይቁት የተወሰኑ ኮርሶችን እንጂ «ባዮኬሚስትሪ» የሚል ዲግሪን አይደለም፤ ታሪክ ያጠና ሰውም ኮርሶቹን ካሟላ ያመለክታል። አክስት ከዚያ ደውላ «ባዮኬሚስትሪ ይማር፣ ሐኪም ይሆናል» ስትል የምትናገረው ስለ ራሷ ሰፈር እውነት ነው።

እዚህ አገር ግን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የሚገባው ከፍሬሽማን በኋላ በቀጥታ ውድድር ነው። የባዮሎጂ ወይም የኬሚስትሪ ምሩቅ ተመልሶ የሚገባበት ቋሚ በር የለም። በ2004 ዓ.ም. የተፈጥሮ ሳይንስና የጤና ዲግሪ ያላቸውን ምሩቃን ወደ ሕክምና የሚያስገባ መርሐ ግብር ተጀምሮ ነበር፤ ብዙዎችም ተጠቅመውበታል። ግን መንግሥት ሲያስፈልገው የሚከፍተው መርሐ ግብር ነው፤ የአንድ ልጅ የአራት ዓመት ዕቅድ ሊቆምበት አይገባም። ሕክምና የሚፈልግ ልጅ ሕክምናን ቀዳሚ አድርጎ ይሙላ። ካልደረሰው ደግሞ ሁለተኛ ምርጫው ለብቻው የሚወደው ነገር ይሁን።

ንቀቱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የሕክምና ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሚፈሯቸው ኮርሶች አንዱ ባዮኬሚስትሪ ነው።

«ፎርሙ ላይ ባዮኬሚስትሪ ብዬ እሞላለሁ»

በአብዛኞቹ የአገራችን መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ እንዲህ የሚል መስመር አይገኝም። ባዮኬሚስትሪ በስሙ በብዛት የሚሰጠው በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ ነው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ በሕክምና ትምህርት ቤቶች ሥር። በመጀመሪያ ዲግሪ ወደዚያ የሚያደርሱት በሮች ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ባዮቴክኖሎጂ ናቸው፤ ከጤናው ወገን ደግሞ ፋርማሲና ሜዲካል ላቦራቶሪ። ሦስቱም የሳይንስ በሮች አንድ ዓይነት ሰው አያወጡም። ከኬሚስትሪ የመጣው ሞለኪውሉን ያውቃል፣ ሴሉ ይጨልምበታል። ከባዮሎጂ የመጣችው ሴሉንና ዘረመሉን ታውቃለች፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ያስቸግራታል። ባዮቴክኖሎጂ ሁለቱን ለማገናኘት የተቀረፀ ነው፤ ጥንካሬው ግን ዲፓርትመንቱ ባለው መሣሪያ ላይ ተንጠልጥሏል።

ስለዚህ ከዲፓርትመንቱ ስም ይልቅ የኮርስ ዝርዝሩ ይጠየቅ። ባዮኬሚስትሪ ስንት ኮርስ ተይዞለታል? ከላብ ጋር ነው ወይስ ሌክቸር ብቻ? ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ሞለኪውላር ባዮሎጂ፣ ዘረመል፣ ስታቲስቲክስ አሉበት? ዝርዝሩ ሚስጥር አይደለም፤ የዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ጋ ይገኛል።

«ያው ላብ ነው፤ ሆስፒታል ይቀጥሩኛል»

ልጆችን ከምንም በላይ የሚጎዳው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ በግልጽ ይነገር። ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ውስጥ ደም፣ ሽንትና ሰገራ የሚመረምሩት የሜዲካል ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ናቸው። ሙያው የጤና ሙያ ነው፣ የሙያ ፈቃድ ይጠይቃል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጤና ሙያ ምሩቃን ፈቃድ ለማግኘት አገር አቀፍ የብቃት ምዘና መውሰድ ጀምረዋል። የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ ወይም የባዮቴክኖሎጂ ዲግሪ፣ ምንም ያህል ባዮኬሚስትሪ ቢኖርበት፣ ይህን ፈቃድ አያስገኝም። ማስታወቂያው «በሜዲካል ላቦራቶሪ ሳይንስ የተመረቀ/ች፣ የሙያ ፈቃድ ያለው/ያላት» ይላል። ጥሩ ውጤት የያዘች ምሩቅ ፋይሏን ይዛ ምዝገባ ቢሮ ስትደርስ የምትሰማው «የትምህርት ዝግጅትሽ አይዛመድም» የሚለውን ነው። ሠራተኛው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መመሪያው ነው። ፍላጎቱ የሆስፒታል ላብ የሆነ ልጅ ሜዲካል ላቦራቶሪን ይሙላ።

ታዲያ እነዚህ ምሩቃን የት ይገባሉ? ቢራ፣ ዘይት፣ ዱቄት፣ የታሸገ ውኃና መድኃኒት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች የጥራት ቁጥጥር ክፍል አላቸው፤ ቀጣሪነቱ የጎላው እዚያ ነው። ቀጥሎ ምርምር ተቋማት አሉ፦ አለርት ግቢ ያለው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም፣ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ሆለታ ያለው የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ማዕከል፣ ቢሾፍቱ ላይ የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም። በእነዚህ ቦታዎች የመጀመሪያ ዲግሪ የሚያስገባው በረዳትነት ነው፤ ቦታውም ጥቂት፣ ውድድሩም ብዙ ነው። ማስተማርም አለ። «ባዮኬሚስት እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ግን እምብዛም አይወጣም። የሚወጣው «ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ባዮቴክኖሎጂ ወይም ተዛማጅ» የሚለው ነው። ስማቸው ብዙም የማይታወቅ አዳዲስ ዲፓርትመንቶች ምሩቃን «ተዛማጅ» መሆናቸውን ለማስረዳት ደብዳቤ ሲያጽፉ ይውላሉ። ይህም በምርጫ ጊዜ መታሰብ ያለበት ጉዳይ ነው።

ሥራ በቀላሉ ይገኛል ብሎ ማንንም ማባበል አይገባም። ግን «ሥራ የለውም» የሚለውም እውነት አይደለም።

«ሽምደዳ ነው»

ሁሉን በቃል የሚያጠና ተማሪ ባዮኬሚስትሪን ሊያልፍ ይችላል፤ አንድ ሴሚስተር ቆይቶ ግን ምንም አይቀርለትም። ግሉኮስ የሚሰባበርባቸውን ዐሥሩን ደረጃዎች ችክሎ ፈተና ላይ የሚያወርድ፣ «ሦስተኛው ደረጃ ቢዘጋ ምን ይከማቻል?» ተብሎ ሲጠየቅ ዝም የሚል ተማሪ ብዙ ነው። ጥፋቱ የትምህርቱ አይደለም፤ የአሰጣጡና የፈተናው ነው።

ትምህርቱ ምን እንደሆነ የሚታየው ላብ ውስጥ ነው። ለጀማሪ ተማሪ የሚሰጠውን ቀላል ሙከራ እንውሰድ። የስታርች ውኃ ያለባቸው ሦስት ቱቦዎች ይደረደራሉ። በሁለቱ ላይ ጥቂት ምራቅ ይጨመራል፤ በሦስተኛው ላይ አስቀድሞ የፈላ ምራቅ። አንደኛው ቱቦ 37 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ፣ ሁለተኛው በበረዶ ውስጥ፣ የፈላ ምራቅ የገባበት ደግሞ ከአንደኛው ጎን ይቀመጣል። ነጭ ሳህን ላይ የአዮዲን ጠብታዎች በረድፍ ይቀመጣሉ። ተማሪዋ በየግማሽ ደቂቃው ከየቱቦው አንድ አንድ ጠብታ እየወሰደች አዮዲኑ ላይ ትጥላለች። መጀመሪያ ሁሉም ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ ስታርች አለና። ጥቂት ደቂቃ ሲያልፍ ከ37 ዲግሪው የሚመጣው ጠብታ እየቀላ፣ እየገረጣ ሄዶ የአዮዲኑን ቢጫማ ቀለም ብቻ ያሳያል። ምራቁ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ስታርቹን ቆራርጦ ጨርሶታል። ከበረዶው የሚመጣው ገና ሰማያዊ ነው። የፈላው እስከ መጨረሻ ሰማያዊ ይሆናል።

ዋናው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ነው። በበረዶ የቆየው ቱቦ ወደ ሙቅ ውኃ ቢዛወር ምን ይሆናል? ሥራውን ይጀምራል። የፈላውስ ቢቀዘቅዝ? አይጀምርም። ብርድ ኢንዛይሙን ያዘገየዋል፤ መፍላት ግን ቅርጹን ያፈርሰዋል፤ ቅርጹ የፈረሰ ፕሮቲን ሥራ የለውም። ይህን በዓይኗ ያየች ልጅ ፍሪጅ ምግብን ለምን እንደሚያቆይ፣ ግን ለምን እንደማያድን፣ ወተት ለምን እንደሚፈላ ሰው ሳይነግራት ታገናኛለች። ቀጥሎ ፍጥነቱን በቁጥር መለካት ይመጣል፤ ተማሪዎች እስከ ዛሬ የሚማሩት ሚካኤሊስና ሜንተን እ.ኤ.አ. በ1913 ያወጡትን ቀመር ነው። ሒሳብን ለመሸሽ ወደዚህ የሚመጣ ተማሪ ካለ ይህንን አስቀድሞ ይወቅ። ካልኩለስና ስታቲስቲክስ ከትምህርቱ አይለዩም።

«የፈረንጅ ትምህርት ነው፤ እዚህ ምን ያደርጋል?»

ይህን ስሰማ ዝም ማለት ይከብደኛል። ባዮኬሚስትሪ ለኢትዮጵያ ሩቅ ትምህርት ቢሆን ኖሮ የሚከተለው ነገር ባልተፈጠረ ነበር።

ኮዴይን በዓለም ዙሪያ ለሕመም ማስታገሻና ለሳል ሲሰጥ የኖረ መድኃኒት ነው። ኮዴይን ራሱ ብዙም አይሠራም፤ ጉበት ውስጥ ያለ ሲፕ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው ሕመም የሚያስታግሰው። የኢንዛይሙን ዘረመል ከተለመደው በላይ ደጋግሞ የተሸከመ ሰው ግን ኮዴይኑን በጣም ቶሎ ይቀይረዋል፤ በተለመደው መጠን እንኳ ብዙ ሞርፊን ደሙ ውስጥ ይገባል፤ ትንፋሽ እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት እንዲህ ያለ ዘረመል እንደተሸከሙ አሳየ፤ በሰሜን አውሮፓ ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የኢትዮጵያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ኮዴይን ያለባቸውን መድኃኒቶች ከአገልግሎት አስወጣ። ለሌላው ዓለም ተብሎ የተመጠነ ኪኒን ለእኛ ሰው እንደማይስማማ የታወቀው በዚህ ሙያ ነው። ሌሎቹን መድኃኒቶች ማን ይመርምርልን? በእኛ ሰው ደም ላይ የሚሠራ ሰው ካልኖረ በሌላ አገር ሰው ላይ የተለካውን እየዋጥን እንቀጥላለን።

ማሳ ላይም እንዲሁ ነው። አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም ማሽላን ከሥሩ ይመጠምጠዋል። ደቃቃ ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይተኛል፤ የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል ሲያገኝ ነው። ሐረማያ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አሜሪካ በሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር ሆነው ይህን ምልክት አጠኑ፤ ኬሚካሉን በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጩ የማሽላ ዝርያዎችንም አወጡ። ዘሩ ካልነቃ አረሙ የለም። ገቢሳ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በዚህና በሌሎች የማሽላ ሥራዎቻቸው ነው። አዳቃዩ ብቻውን፣ ባዮኬሚስቱም ብቻውን እዚያ አይደርስም ነበር።

ወደ ማጀትም እንግባ። ጤፍ ብረት አለው እንላለን፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን በእህሉ ውስጥ ያለ ፋይቴት የሚባል ውሕድ ብረቱን አስሮ ይይዘዋል፣ አንጀት በደንብ አይወስደውም። ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ አሲድነቱ ይጨምራል፤ ፋይቴትን የሚቆርጠው ኢንዛይምም ይሠራል፣ እስሩም ይላላል። ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራና ተጣድፎ የተጋገረ እንጀራ ለሰውነት እኩል አይደሉም። ጓያ ውስጥ ያለውና ለእግር ሽባነት የሚዳርገው መርዝም ከአሚኖ አሲድ ወገን ነው፤ በድርቅ ጊዜ ጓያ ብቻ ለወራት በሚበላበት አካባቢ ስንት ጤነኛ ገበሬ ከዘራ ይዞ ቀርቷል! ተመራማሪው አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው የቢልሃርዝያን ተሸካሚ መግደያ ያገኙትም በዚሁ አገር፣ ሁሉም ሰው በየቀኑ በሚያየው ነገር ላይ ነው።

«በመጀመሪያ ዲግሪ ወደ ውጭ አይወጣም»

ብዙ ጎበዝ ተማሪዎች ፒኤችዲ ለማመልከት ማስተርስ ግዴታ ይመስላቸዋል። በአውሮፓ በአብዛኛው እንደዚያ ነው። በአሜሪካ ግን አብዛኞቹ የባዮኬሚስትሪ ፒኤችዲ ፕሮግራሞች በመጀመሪያ ዲግሪ ያመለከተን ይቀበላሉ፤ የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናሉ፣ ወርሃዊ አበልም ይከፍላሉ። የሚጠይቁት ትራንስክሪፕት፣ በቅርብ የሚያውቁ መምህራን የጻፉት የድጋፍ ደብዳቤና የምርምር ልምድ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ዓመት ሲኒየር ፕሮጀክት ከሌላ ሰው ሥራ ተገልብጦ የሚታለፍ ወረቀት መሆን የለበትም። ደብዳቤው ላይ መምህሩ በእርግጠኝነት ሊጽፍ የሚችለው ስለዚያ ሥራ ነውና።

አገር ውስጥ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። ሁለተኛ ዲግሪ ለመግባትም የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ።

«የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ ነው፤ ሁሉም ያው ነው»

ነፃ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 91 የወጪ መጋራትን አምጥቷል፤ ተማሪው ውል ይፈርማል፣ ከተመረቀ በኋላ ከደሞዙ ይቆረጣል። ዕዳው ከግል ትምህርት ቤት ክፍያ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ግን ኦሪጅናል ዲግሪውን ለማውጣት በተለምዶ ዕዳው መጥራት ስላለበት፣ ወደ ውጭ ለማመልከት የሚያስብ ቤተሰብ ቀድሞ ቢያስበው ይሻላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ እዚያ ለመግባት የሚፈልግ ልጅ የአገር አቀፉ ውጤት ብቻውን እንደማይበቃው ይወቅ።

«ሁሉም ያው ነው» የሚለው ደግሞ ለላብ ትምህርት ፈጽሞ አይሠራም። የታሪክ ወይም የሒሳብ ተማሪ ቤተ መጻሕፍትና ጥሩ መምህር ካገኘ ብዙ ይሄዳል። የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ግን ኬሚካል፣ የማይቆራረጥ መብራት፣ የሚሠራ ሴንትሪፊዩጅና የሚጠግነው ቴክኒሺያን ይፈልጋል። ኬሚካሉ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ግዥው ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዱ ሲደርስ ጊዜው ሊያልፍ ተቃርቦ ነው። የሙከራው ቀን ደርሶ ዕቃ ሲጠፋ መምህሩ ሙከራውን ሰሌዳ ላይ ሥሎ ያስረዳል፣ ተማሪውም ሥዕሉን ይገለብጣል። የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተለዩት ስምንቱ በአንዱ መግባት ይረዳል፤ ነገር ግን ጥሩ መሣሪያ ሁሉ ለማስተርስና ለፒኤችዲ ተማሪ ብቻ የሚከፈትበት ቦታም አለ፤ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ትጉ መምህራን በጥቂት ዕቃ ብዙ የሚያሠሩበትም አለ።

ይህን ለማወቅ ድረ ገጽ ማየት አይበቃም። ለሲኒየር ተማሪ «ሥራ አለው ወይ? ግሬድ ይሰጣሉ ወይ?» የሚለውን ትታችሁ ይህን ጠይቁ፦ ባለፈው ሴሚስተር ስንት ሙከራ በእጅህ ሠራህ? በአንድ ቡድን ስንት ሆናችሁ? ፒፔቱን የያዘው ማን ነበር? ዐሥራ አምስት ሆነን አንዱ ሲሠራ አየን ካላችሁ፣ የኬሚስትሪውን፣ የባዮሎጂውንና የባዮቴክኖሎጂውን ሲኒየር ለየብቻ ጠይቁና መልሳቸውን አወዳድሩ፤ በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ ሦስቱ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጧችሁም።